ወንዙ እስኪጎድል

አቦምሳ
እሑድ፣ ሐምሌ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ እትዬ ሸዋወርቅ፣

ጉልበትዎ እንዴት ሆነ? ከጉልበትዎ የጀመርኩት እሱ ካልተሻለው ሌላው ወሬ ሁሉ እንደማይጥምዎት ስለማውቅ ነው። እኛ ዘጠኛችንም ደኅና ነን። አልታመምንም፣ አልተራብንም፣ አልተጣላንም። ይህን ያስቀደምኩት የሚቀጥለውን ሲያነቡ እንዳይደነግጡ ብዬ ነው። ዛሬ አንመጣም።

አሥሩ የስፌት ቀናችን ትናንት አለቀ። በልተን፣ ጠጥተን፣ ተመራርቀን ዘጋነው። ዛሬ ጠዋት ሻንጣችንን ቤቷን በሰጠችንና አብራን በሰፋችው በሑስና በረንዳ ላይ ደርድረን የባጫን ሚኒባስ ስንጠብቅ ስልኬ ጮኸ።

"ፍሬ፣ ድልድዩ የለም" አለኝ ባጫ።

"እንዴት የለም?"

"ትናንት ነበር፣ ዛሬ የለም። እኔ ምን ልበልሽ!"

ደጋው ላይ ሁለት ቀን ሳያባራ የጣለው ዝናብ ወንዙን ሞልቶት የድልድዩን መካከል ይዞት ሄዷል። ባጫ በአዳማ በኩል ቆሟል፤ እኛ በአቦምሳ በኩል ቀርተናል። መቼ እንደሚጠገን የሚያውቅ አላገኘሁም። አንዱ ሦስት ቀን ይላል፣ ሌላው ሦስት ሳምንት። የአካባቢው ሰዎች ከዳር እስከ ዳር ገመድ ዘርግተው ቀላል ዕቃ በፌስታል እያሰሩ ያሻግራሉ። ይህም ደብዳቤ እንደዚያው ተንጠልጥሎ ባጫ እጅ ይገባል። "ጆሮዬ ከደከመ ወዲህ ነገሬን በሰው ጆሮ መስማት አልወድም" ስላሉኝ ጎረቤት ጋ ደውዬ አላስነግርዎትም። ይኸው ወረቀት።

በሐሙሱ ደብዳቤዎ "ምን እየሰፋችሁ ነው?" ብለው ለሦስተኛ ጊዜ ጠየቁኝ። እንደ ወትሮው ነው እትዬ፤ ቁርጥራጭ ጨርቅ ገጣጥመን ብርድ ልብስ። ለማን እንደሆነ በአካል ስንገናኝ እነግርዎታለሁ። አሥራ አንድ ክረምት እርስዎ እየመሩን ሰፍተናል፤ ዘንድሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ያለ እርስዎ ስንቀመጥ አንዳችንም ወንበርዎ ላይ ለመቀመጥ አልደፈርንም፤ ክር ማስቀመጫ አደረግነው። የከተማው ወንዶች ዘንድሮም "ድሪቶዎቹ መጡ" ብለው ስቀውብናል። እኛም መልሰን ስቀንባቸዋል። መርፌ ያስያዙን እርስዎ፣ አለማፈርን ያስተማሩንም እርስዎ ነዎት።

ዛሬ ምሳ እርስዎ ጋ እንበላለን ብዬ ቃል ገብቼ ነበርና ይቅርታ ያድርጉልኝ። ወጡ ከተበላሸ በእኔ ይሁን።

ተማሪዎ
ፍሬሕይወት


አዳማ
ማክሰኞ፣ ሐምሌ 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

ፍሬሕይወት ልጄ፣

ደብዳቤሽን ባጫ ትናንት ከሰዓት በኋላ አመጣልኝ። ፌስታሉ ውኃ አስገብቶ ቀለሙ ፈሷል። "አልተጣላንም" የሚለውን "ተጣላን" ብዬ አንብቤ ማን ከማን ተጣላ እያልኩ ስንት ሰዓት ቆየሁ። አሳየች አብራችሁ ስላለች ብዙም አልገረመኝም ነበር።

ጉልበቴ ባለበት ነው። ወጡ አልተበላሸም፤ ጎረቤቶቼ በልተውታል፤ ለእናንተም ጸልየዋል።

ወንዙን ለመሻገር እንዳትሞክሩ። ጎበዝ ነኝ የሚል ሁሉ "ውኃው ጉልበት ድረስ ነው" ይላችኋል፤ የማን ጉልበት እንደሆነ አይናገርም። አሳየች ወደ ላይ በእግር ሄደን እንሻገር ማለቷ እንደማይቀር አውቃለሁ። እምቢ በያት። ዘጠኝ አድርጌ ልኬሻለሁ፣ ዘጠኝ አድርገሽ መልሺልኝ።

ከባጫ ግን አንድ ነገር ሰማሁ። እንደምታውቂው እኔን ሲያናግር ይጮኻል፤ እኔ ስሰማ መንደሩም ይሰማል። "ነፍሰ ጡሯ እንዴት ሆና ይሆን?" አለኝ። የትኛዋ ነፍሰ ጡር? ብዬ ብጠይቀው ማስተዋል ነው አለኝ። ሾፌሩ የሚያውቀውን እኔ የማላውቀው ለምንድን ነው? ስንት ወሯ ነው? እስክትመጡ አልጠብቅም፣ በደብዳቤ መልሺልኝ።

የምትሰፉትን ነገር በአካል ስንገናኝ አልሽኝ። እሺ። እኔም በአካል ስንገናኝ የምነግራችሁ ጉዳይ አለኝ። እስከ ቅዳሜ ብትመጡ ደስ ይለኛል። ለምን ቅዳሜ ብለሽ አትጠይቂኝ፤ አንቺ ሦስት ጊዜ ተጠይቀሽ አልመለስሽም።

ሑስናን አካም ጅርታ በይልኝ። ለአሥር ቀን እንግድነት የገባችሁባትን ሴት አሁን ስንት ቀን እንደምታስጨንቋት እግዜር ይወቀው። እጃችሁን አጣጥፋችሁ እንዳትቀመጡባት።

ሸዋወርቅ


አቦምሳ
ረቡዕ፣ ሐምሌ 23 ቀን 2017 ዓ.ም.

እትዬ ሸዋወርቅ፣

ተቆጥተው ሲጽፉ ፊደልዎ ይተልቃል። ከሩቁ አይቼው ነው የፈራሁት።

ማስተዋል ወሯ ገብቷል። እሷ ስትመጣ ስምንተኛዬ ነው ብላኝ ነበር፤ ትንሽ እንደቀነሰች አሁን ነው የገባኝ። የነገርኩዎት እንደሆነ እንዳትሄድ እንደሚያደርጓት አውቄ ዝም አልኩ። ጥፋቱ የእኔ ነው። ግን ለምን እሺ እንዳልኳት ልንገርዎት። እናቷ የሞቱት ገና ተማሪዎ ሳለች እንደነበር ያስታውሳሉ፤ እህት ወንድም የላትም። ባሏ ለሚ መተሐራ ሸንኮራ እርሻው ላይ ውሎ እዚያው የሚያድርበት ጊዜ ብዙ ነው። "ፍሬዬ፣ ልጄ ከመምጣቱ በፊት አሥር ቀን ሰው ሲያወራ ልስማ" አለችኝ። ይህን ሰምቼ ቅሪ ማለት አቃተኝ።

እጃችንን አጣጥፈን አልተቀመጥንም። መንገድ የተዘጋባት ከተማ የሚቀደደው እንደማያልቅ ያወቅነው አሁን ነው። ሰኞ ዕለት የሑስና ጎረቤት የልጇን ሱሪ ይዛ መጣች፤ ማክሰኞ በሩ ላይ ሰልፍ ሆነ። "ድሪቶዎቹ" ያሉን ወንዶች የተቀደደ የዝናብ ልብሳቸውን ይዘው ቆመዋል። አንዱን አሳየች "ይህን ድሪቶ እዚህ ማን አመጣው?" ብላ ከሰልፉ አስወጣችው፤ ቆይታ ግን ሰፍታ ሰጠችው።

ወደ ላይ በእግር እንሂድ ማለቷን እንዴት አወቁ? ቃል በቃል ብላዋለች። የመለሰችላት ሑስና ነች። "አብሽሩ" አለች፣ "ወንዝ ሲቆጣ አይለመንም፤ ይጠበቃል። እኔ ቤት ጠበባችሁ እንዴ?" ከዚያ በኋላ መንገድ ያነሣ የለም።

ለምን ቅዳሜ ብዬ አልጠይቅም። ግን ከዚህ በፊት እስከዚህ ቀን ኑ ብለውን ቢያውቁ ኖሮ ይሄን ያህል አላስብም ነበር።

ማስተዋል ከጠዋት ጀምሮ ወገቤን ትላለች። ብዙ ስለተቀመጥኩ ነው አለችኝ። ሑስና አላመነቻትም፣ ሐኪም ልታስጠራ ሄዳለች። የሚሉትን ነገ እጽፍልዎታለሁ።

ፍሬሕይወት


ከወንዙ ዳር
ሐሙስ፣ ሐምሌ 24 ቀን

እትዬ፣

ባጫ ማዶ ቆሞ እየጠበቀ ስለሆነ ሰላምታውን ይዝለሉት።

ማስተዋልን ዛሬ ጠዋት አሻገርናት። ሐኪሟ ፅንሱ አግድም ነው የተኛው፣ ያለ ኦፕራሲዮን አይወለድም አለች። ኦፕራሲዮን የሚሠራው ሐኪም ግን ለስብሰባ ወጥቶ እንደኛው ድልድዩ ቆርጦት ማዶ ቀርቷል። በዚህ ወቅት ውኃው የሚቀንሰው ጠዋት ነው። ስምንት ሰዎች ተሸክመው ወሰዷት። ማዶ አምቡላንስ ቆሞ ነበር፤ ተቀብሏት ወደ አዳማ በርሯል። እኛ እንድንሻገር አልፈቀዱልንም። አንዲት ነርስ ብቻ አብራት አለች።

ለሚ ተነግሮታል፤ ከመተሐራ እስኪደርስ ግን አዳማ ውስጥ ከእርስዎ በቀር ሰው የላትም። ጉልበትዎን እያወቅሁ ነው የምለምንዎት። ይሂዱላት። ባጫ የትኛው ሆስፒታል እንደሆነ ያውቃል።

በምን ተሸክመው እንዳሻገሯት ዛሬ አልጽፍም። ይቅርታ የምጠይቅበት ነገር ነው፤ ይቅርታ ደግሞ በችኮላ አይጠየቅም ብለው ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት።

ፍሬ


አዳማ
ዓርብ፣ ሐምሌ 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ፍሬሕይወት፣

ሴት ናት። ሁለት ኪሎ ከሰባት መቶ። እናቷም ደኅና ናት። ይህን ለሁሉም አንብቢላቸውና ቀሪውን ብቻሽን ተቀምጠሽ አንብቢ።

ትናንት ደብዳቤሽን እንዳየሁ ባጃጅ አስጠራሁ። ጉልበቴን አጥፎ ለማስገባት ሁለት ሰው አስፈልጓል። ስደርስ ማስተዋል ኦፕራሲዮን ክፍል ገብታ ነበር። ነርሷ "የእናትየዋ ዕቃ ነው" ብላ ጭቃ የጠጣ ትልቅ ጨርቅ እግሬ ሥር አስቀመጠችልኝ። ኮሪደር ላይ ቁጭ ብሎ በር ማየት አልሆነልኝም። ጨርቁን ይዤ ጓሮ ካለው ቧንቧ ወረድኩና ማጠብ ጀመርኩ።

መጀመሪያ ከጭቃው ሥር የወጣው ካኪ ነው። ስፌቱ ወደ ግራ ያዘነብላል። "አሳየች!" አልኩ፤ አጠገቤ የምታጥበዋ ሴት ዘወር ብላ አየችኝ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ መርፌሽን አቅኚ ብያታለሁ፣ አላቀናችም። ቀጥሎ እንደ ጤፍ የደቀቀ ስፌት መጣ፤ እሱ ከሑስና ሌላ የማንም አይደለም። እንዲህ እያልኩ ሁላችሁንም አንድ በአንድ ከጭቃ አወጣኋችሁ። መካከሉ ላይ ስደርስ ሰማያዊ ኪስ አገኘሁ፤ ከሥሩ የቀለም ነጠብጣብ አለበት።

ያ ኪስ የእኔ ነው። ጡረታ የወጣሁ ዕለት የማስተማሪያ ጋዋኔን ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ጥዬው ነበር የወጣሁት። ማን እንዳነሣው አሁን ገባኝ። ሦስት ጊዜ ጠይቄሽ ያልመለስሽልኝም ገባኝ። ቧንቧው ሥር ቆሜ አለቀስኩ። ይህን የምጽፍልሽ ከሌላ ሰው ሰምተሽ ታማ ይሆን ብለሽ እንዳታስቢ ነው።

ማስተዋል ስትነቃ ከከንፈሯ እያነበብኩ የሆነውን ሁሉ አወጣጣኋት። እንጨት ግራና ቀኝ አስገብታችሁ ቃሬዛ እንዳደረጋችሁት፣ ውኃው የሰዎቹ ደረት ድረስ እንደነበር ነገረችኝ። "ከታች ውኃው ሲነካኝ ተቀደደ ብዬ ጮኽኩ፤ አልተቀደደም ነበር" አለችኝ። እኔም ብርሃን ላይ ዘርግቼ ዙሪያውን መረመርኩት። ስምንት ሰው የጎተተው፣ የደረሰች ነፍሰ ጡር የተሸከመ፣ ወንዝ የጠጣ ብርድ ልብስ፣ አንድ ስፌት ብቻ ነው የተፈታው። የተፈታው የአንቺ ነው። ክሩን ሳትቋጥሪ ቆርጠሻል።

ስለዚህ ይቅርታ የምትጠይቂኝ ስለ ቋጠሮው ብቻ ነው።

አሁን የእኔ ተራ ነው። ልጄ ኃይለየሱስ የፊታችን እሑድ ከሐዋሳ መጥቶ ይወስደኛል። ለጥየቃ አይደለም፤ እሱ ዘንድ ልኖር ነው። ቤቴን ከነሐሴ አንድ ጀምሮ የሚከራዩ ባልና ሚስት አግኝቷል። ደረጃ መውጣት አቅቶኛል፣ በር ሲንኳኳ አልሰማም፣ ብቻዬን ነኝ። "እማዬ፣ በቃሽ" አለኝ፤ እሺ አልኩት። ባለፈው እሑድ ምሳ ላይ ልነግራችሁ ነበር። ቅዳሜ ያልኩሽም ለዚህ ነው።

ለምን ቀድመሽ አልነገርሽንም አትበይኝ። ብነግራችሁ ኖሮ ስፌቱን ትታችሁ ታለቅሱ ነበር።

ሸዋወርቅ


አቦምሳ
ቅዳሜ፣ ሐምሌ 26 ቀን 2017 ዓ.ም.

እትዬ ሸዋወርቅ፣

የመጀመሪያዋን መስመር ጮክ ብዬ ሳነብ የሑስና ቤት ጣሪያው ሊነሣ ነበር። አሳየች አለቀሰች፤ ወዲያው ደግሞ ጉንፋን ነው አለች። ቀሪውን ብቻሽን አንብቢ ስላሉኝ ወጥቼ ከበረንዳው ላይ አነበብኩት። ከዚያ ገብቼ ለሁሉም አነበብኩላቸው። ይቅር ይበሉኝ፣ ብቻዬን የምይዘው አልሆነልኝም።

ስለ ብርድ ልብሱ ከማስተዋል ያልሰሙትን ልንገርዎት። የሐኪም ቤቱ ቃሬዛ ድልድዩ የተሰበረ ዕለት ሰው ተጭኖበት ሄዶ ማዶ ቀርቷል። የሑስናን ብርድ ልብሶች ሞከርናቸው፤ ሰዎቹ ሲወጥሯቸው ተተረተሩ። ሁላችንም የእርስዎ ስጦታ የት እንደተቀመጠ እናውቃለን። ማንም ወደዚያ አይመለከትም። በመጨረሻ ከመጠቅለያው ጎትታ ያወጣችው አሳየች ነች።

"የእትዬ ነው እኮ!" አልኳት።

"እትዬ እዚህ ቢሆኑ ማን ቀድሞ ያወጣው ይመስልሻል?" አለችኝ።

ጫፍ ጫፉን ደርበን ለእንጨቱ ማስገቢያ ስንሰፋ ሰዎቹ በር ላይ ቆመው ያጣድፉን ነበር። ያልቋጠርኩት ያኔ ነው። ምክንያት ማቅረቤ አይደለም፤ ምክንያት ግን ነው።

አሁን ስለ እርስዎ። አዎ፣ አልቅሰናል። ከዚያ ተቆጣን። ይህን ሁሉ ደብዳቤ ሲጽፉልኝ አንድ መስመር አጡለት? ቆይቶ ደግሞ ሑስና "እኛም ደብቀናቸዋል፤ ዝም በሉ" አለችን።

እንዳይሄዱ አልልዎትም። ኃይለየሱስ ጥሩ ልጅ ነው፣ እናቱን የሚወድ ነው። አንድ ነገር ብቻ እጠይቅዎታለሁ። እሺ ያሉት ቀን ሐዋሳን ፈልገው ነበር? ወይስ ደክመው ነበር? ፈልገው ከሆነ መንገድዎን ያቅናልዎት፤ በወር በወር እየመጣን ሐዋሳን በድሪቶ እንሞላታለን። ደክመው ከሆነ ግን ለደከመ ሰው መድኃኒቱ ማረፍ ነው እንጂ ቤቱን ማከራየት አይደለም።

ዝናቡ ከትናንት ጀምሮ አቁሟል። ወንዙ ውስጥ ድንጋይ እየደለደሉ ነው። ሰኞ ጠዋት ከጎደለ በእግር እናሻግራችኋለን ብለውናል። የምንደርሰው እርስዎ ከሄዱ በኋላ ነው። ይጠብቁን ብዬ አልለምንዎትም። ጥያቄዬን ግን ይመልሱልኝ።

ፍሬሕይወት


አዳማ
እሑድ፣ ሐምሌ 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ፍሬሕይወት ልጄ፣

ደክሜ ነበር።

መልሱ ይኸው ነው፤ ለማግኘት ግን ሙሉ ሌሊት ፈጅቶብኛል። ባለፈው ጥር መታጠቢያ ቤት ወድቄ ከጠዋት እስከ ቀትር ተኝቼ ቀረሁ፤ ለማንም አልተናገርኩም። ኃይለየሱስ መጥቶ እኔ ዘንድ ኑሪ ያለኝ በዚያው ሰሞን ነው። ሐዋሳ ብሎ ሳይሆን ጨረቃ ላይ እንሂድ ቢለኝም እሺ እል ነበር።

ሦስት ሰዓት ላይ ደረሰ። ሻንጣዎቼ ሳሎን ቆመዋል። እኔ ግን ለብሼ የምጠብቀው ለሌላ መንገድ ነበር።

"ዛሬ ማስተዋል ከሆስፒታል ትወጣለች" አልኩት። "ሆድዋ ተሰፍቶ እስከ መተሐራ በአውቶቡስ አትንገላታም። መኪናህን ይዘህ ና።"

"የትኛዋ ማስተዋል?" አለ።

መንገድ ላይ ነገርኩት። ለሚም ትናንት ደርሶ ሆስፒታሉ በር ላይ ይጠብቀን ነበር። ነገ ሥራ መግባት አለበት፤ ካልገባ ቦታው ይያዝበታል። ሚስቱን የት እንደሚያደርግ ግራ ገብቶት ኮፍያውን ሲያጣምም አየሁት። እኔ ቤት ናቸው አልኩት። ጎንበስ ብሎ ጉልበቴን ሊስም ሲል ከለከልኩት፤ የሚያመኝ እሱ ነው።

እኔን ሊወስድ የመጣው መኪና እናትና ልጅ ጭኖ ወደ ቤቴ ተመለሰ። ኃይለየሱስ ጉድጓዱን ሁሉ እየሸሸ በእግረኛ ፍጥነት ነዳ። ማስተዋልን ካስተኛን በኋላ ኩሽና ውስጥ ያዘኝ። ፊቱን ወደ ብርሃን አዙሮ ቀስ ብሎ ነው የሚናገረው፤ ከልጅነቱ ጀምሮ ትዕግሥተኛ ነው።

"እማዬ፣ ዛሬ እንሄዳለን ብለን ተስማምተን ነበር።"

"መንገድ ተቆርጦብኛል" አልኩት።

"የሐዋሳ መንገድ ደኅና ነው። አሁን የመጣሁበት ነው።"

"የአንተ ደኅና ነው። የእኔ ነው የተቆረጠው።"

ተቀመጠ። ተከራዮቹን አነሣ፤ ዛሬውኑ ደውለህ ይቅርታ ጠይቅልኝ አልኩት። ብትወድቂስ አለኝ። በጥር መውደቄን ነገርኩት። ይህን ስሰውረው መክረሜን ሲሰማ ከመቆጣት ይልቅ ፊቱን በእጁ ሸፈነ፤ ስለዚህ ልነግረው ይገባኝ ነበር፤ ይህ የእኔ ጥፋት ነው። ከዚያ ተነሥቶ መታጠቢያ ቤቱን አየ፣ ደረጃውን ለካ፣ መደገፊያ ብረት የሚያስገባ ሰው ፍለጋ ወጣ። መቆጣቱንና መውደዱን አንድ ላይ የሚያደርገው እንዲህ ነው።

ልጅቷ ክርስትና እስክትነሣ ሰማንያ ቀን አለ። እስከዚያ ማስተዋል እዚህ ናት። "ከዚያስ?" አለኝ ልጄ። "ከዚያ አርፌ እወስናለሁ" አልኩት። ምናልባት እሄድ ይሆናል ፍሬ፣ አልዋሽሽም። ከሄድኩ ግን ወድጄ ነው የምሄደው።

ማስተዋል ለልጇ ስም ያውጡላት አለችኝ። እናቷ እያለሽ ብዬ እምቢ አልኩ። እያሰበች ነው።

ይህን ደብዳቤ ባጫ ነገ ሊቀበላችሁ ሲወጣ ይዞላችሁ ይሄዳል። ስትሻገሩ ሁለት ሁለት ሆናችሁ ተያያዙ። አሳየች መሐል ትሁን፤ ዳር ከሆነች መንገድ ትመርጣለች። ሑስናም ትምጣ፤ እሷን ሳላመሰግን አላድርም።

ምሳ ይጠብቃችኋል። ስትገቡ እየተጯጯኻችሁ አትግቡ፤ ጭቃ ጫማችሁንም በረንዳ ላይ አውልቁ። ልጅቷን አሁን ገና ነው እንቅልፍ የወሰዳት።

ሸዋወርቅ